ስልኩ ላይ ይቆይ?

ጥር 12 ቀን 2017፣ ሰኞ

ስልኬ ሞላ። የሆዴን የምጽፈው እሱ ላይ ነበር፤ ዛሬ አንድ መስመር ሳልጨርስ «ቦታ የለም» ብሎ ዘጋብኝ። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። ደብተሩ ከጤና ኬላው የተረፈ ነው፤ ሽፋኑ ላይ «የውሃ ማከሚያ ስርጭት» ይላል። እንዲህ የሚል ደብተር ማንም አይከፍትም።

ለምን እንደሞላ አውቃለሁ። «የእናቶች መዝገብ» የሚሉት አዲሱ አፕ የዞኑን ነፍሰ ጡር ሁሉ ካርድ እኔ ስልክ ላይ ካልከመርኩ ብሎ ነው። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ከጨፋ ሮቢት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ ነው። የሰንበቴዋም የከሚሴዋም ሴት እኔ ኪስ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ፎቶ ሳጠፋ ዋልኩ። ከሰርጌ ፎቶ ሦስት ብቻ ቀረ። የኢሳን ቮይስ ግን አልነካሁም። ኢሳ ባሌ ነው፤ ከጅቡቲ ጭነት ያመላልሳል፣ በወር ሁለቴ ቤት ከገባ ትልቅ ነገር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቮይስ ልኮልኛል። አንዱም አይጠፋም።

አዬ፣ የኢሳ እናት፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ ስነጫነጭ ሰምተው «ስልክም እንደ ሰው ይጠግባል እንዴ?» አሉኝ።

ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው አስጠላኝና ወጣሁ። ጨጓራዬ ተነስቶብኛል መሰለኝ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ከሚሴ ለስልጠና ዋልን። አፑን የሚሠራው ሰውዬ ሙሐመድዘይን ይባላል። አርባ ያለፈው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። «ሚሞሪ ሞላብን» ብለን ሁላችንም ጮህንበት። አልተቆጣም። «ልክ ናችሁ» አለ። «ገበያ ስትወጡ ቤታችሁን ሙሉ ተሸክማችሁ አትሄዱም። ከእንግዲህ ካርዱ ሁሉ ከሚሴ ትልቁ ማሽን ላይ ይቀመጣል። እናንተ የምትፈልጉትን ብቻ፣ በምትፈልጉበት ሰዓት ታመጣላችሁ። ኔትወርክ በሌለበትም ያመጣችሁት አብሯችሁ ይሄዳል።»

ወላሂ ደስ አለኝ። የሚሠራ ጭንቅላት ሳይ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የትኞቹን ቀበሌዎች እንደምንከታተል አፑ ጠየቀን። የኔ ስልክ ላይ የጨፋው ቀበሌና ባቲ አብረው ተመርጠው መጡ፤ ባቲ የትውልድ አገሬ ስለሆነ ይሆናል፣ ስመዘገብ ጽፌው ነበር። የባቲን ምልክት አነሳሁ።

ሙሐመድዘይን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። «እህቴ ነዋል፣ እናትሽ ቤት አይደል? ሴቶቹ ለመውለድ ወደ እናታቸው ቤት ይመላለሳሉ። ቢኖር አይከፋም፤ ስም ዝርዝሩ ብቻ እኮ ነው።»

«ባቲ ለሥራዬ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። ትንሽ ጮህ ሳልል አልቀረሁም።

ጥር 19፣ ሰኞ

ስልኩ ቀለለ። ኪሴም የቀለለ ይመስላል።

አዲስ ነፍሰ ጡር መዘገብኩ። ቱሪ ትባላለች፤ የእማ ዘይና ምራት ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ሰባተኛ ወሯን ይዛ ዛሬ ገና መምጣቷ ነው። ዓይን ፈርተው ደብቀዋት ነው፤ እዚህ የተለመደ ነው። «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ስላት እማ ዘይና ቀድመው «የመጀመሪያዋ ነው» አሉ። ልጅቱ ወለሉን አየች። አንገቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ አንጀቴን በላችው።

የደም ዓይነት መመርመሪያው ጤና ጣቢያ አልቋል። ሲመጣ እልካታለሁ። ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ቱሪ ለክትትል መጣች፣ እማ ዘይናም አብረዋት። ካርዷን ስፈልግ የለም። ስልኩ ሲጠበው ያልተከፈተውን ካርድ ራሱ ወደ ከሚሴ ይመልሳል፤ የሷን መልሶታል። ኔትወርኩ ዛሬ ስለነበረ ስሟን ነካሁ። አንድ ጥያቄ መጣ። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ የማንበብ አመል አለብኝ፤ ሴቶቹ የምሠራውን እንዲሰሙ ብዬ የጀመርኩት ነው።

«የቱሪ እርግዝና ካርድ፦ ይውረድ?» ብዬ አነበብኩ።

እማ ዘይና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ተነሺ» አሏት። ስለ ስልኩ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ማውረድ ማለት ከማሽን ወደ ስልክ ማምጣት ነው፣ ሌላ አይደለም አልኩ። ማን ይሰማኛል? ጽንስ ለተጨናገፈባት ሴት ምን እንደምንል እያንዳንዷ ሴት ታውቃለች። «ወረደባት» ነው የምንለው። እኔ በአፌ፣ በሆዷ ፊት ለፊት፣ ይውረድ አልኩ።

ቱሪ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሙሐመድዘይን ጋ ደወልኩ። «ቃሉን ቀይረው» አልኩት።

«የትኛውን ቃል?»

«ይውረድ የሚለውን።»

«እህቴ፣ ቃሉ ትክክል እኮ ነው። ዘፈን ያወርዳሉ፣ ፋይል ያወርዳሉ፣ በየስልኩ ያለ ነው።»

«እርግዝናስ?»

አልገባውም። በጽሑፍ አቅርቢና ስብሰባ ላይ ይታያል አለኝ። «ስብሰባ አያስፈልግም፤ ዛሬ ቤትህ ግባና ሚስትህን አስቀምጠህ፣ ስሟን ጠርተህ አንብብላት» ብዬ ዘጋሁበት። አሁን ሳስበው ባለጌ ሆኜበታለሁ። እኔ መቼ ነው አፌን የምይዘው?

የካቲት 3፣ ሰኞ

እማ ዘይና ቤት ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ፣ ለጎረቤት ሲናገሩ።

«ራሷስ ማን ሆና ነው? ሁለት ያጣች። ሾተላይ ያለባት ሴት የሰው ሆድ ትዳስሳለች?»

ተመለስኩ።

ቆይቼ ነው የጻፍኩት። ሾተላይ የሚሉት የአንዲትን ሴት ልጆች እየተከተለ የሚገድል ክፉ ነገር ነው ይላሉ፤ ስሙ ቤት ውስጥ አይጠራም። በትምህርት ቤት ግን የተማርነው የደም ጉዳይ እንደሆነ ነው። አውቀዋለሁ። ለስንት ሴት አስረድቻለሁ። ዛሬ ግን ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ደግሜ ሄድኩ። በር ላይ ቆምኩ። «ተኝታለች» ተባልኩ። በጠዋቱ።

አዬ ጀሪካኑን ከእጄ ነጠቁኝ። «ውሃ የሚቀዳ ሰው አይጠፋም» አሉ። ምን እንደነካቸው እንጃ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አፑ ተቀየረ።

ጠዋት ስከፍተው «አውርድ» የሚባል ነገር የለም። በቦታው «ጥራ» ይላል። ካርዱ ከስልክ ሲወጣ «አራግፍ» ይል የነበረው «ወደ ከሚሴ መልስ» ሆኗል። ሦስተኛ ቁልፍም ተጨምሯል፦ «ስልኩ ላይ ይቆይ?» ይላል። እሱን «አዎ» ያልሽው ካርድ ስልኩ ምን ቢሞላ አይወጣም።

ሙሐመድዘይን ራሱ ደወለ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «አነበብኩላት» አለ።

«እህስ?»

«ተነስታ ወጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በኋላ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ቃሎቹን ሰጠችኝ። ጥራ የሷ ነው። ይቆይም የሷ ነው።» ከዚያ «እኛም በአሥራ ሁለት ዓመታችን ነው ልጅ ያየነው፣ ረስቼው ነበር» አለ።

አፉ በለኝ አልኩት፣ የዚያን ቀን ስለጮህኩበት። «አፉ ብያለሁ» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው።

ግን ቱሪ አሁንም የለችም። ቃሉ ተስተካከለ፤ ልጅቷን ማን ያምጣልኝ?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ሌሊት ተነስቼ ስሁር በላሁ፤ ጎህ ሳይቀድ መልሶ ወጣ። ጨጓራው።

እኩለ ቀን ላይ አዬ ሳህን በሳህን ከድነው ፊቴ አኖሩ። ገንፎ ነው፣ ቅቤው ቀለል ያለ።

«ጾም እኮ ነው» አልኳቸው።

«ጨጓራ ነው ብለሻል። የታመመ አይጾምም፣ በኋላ ሌላ ቀን ጾመሽ ቀዷ ታወጪያለሽ።»

«ጨጓራ ያን ያህል በሽታ ነው?»

«የሴት ጨጓራ ብዙ ዓይነት ነው» አሉና ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

በላሁት። ጥርግ አድርጌ በላሁት። ከዚያ ሎሚ አማረኝ።

ዛሬ ቀን አልቆጥርም። የሰው ቀን ስቆጥር ውዬ የራሴን መቁጠር አልወድም። ሦስት ወር ሳይሞላ ቀን የሚቆጥር ሰው ሞኝ ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ስልኩ እንደገና ጠበበ። አሁን ካርዱ አይደለም፤ የክትባት ፎርሞች መጥተው ነው። ሙሐመድዘይን «ቮይሶቹ ናቸው የሚያጣብቡሽ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጪያቸው» ብሎኛል። ፍላሽ ላይ ያለ ድምፅ መንገድ ላይ አይሰማም፣ ምን ያደርግልኛል?

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። «ሚሌ ደርሻለሁ» የሚለው ብቻ ስልሳ ጊዜ አለ። «ጎማ ፈነዳ»፣ «ግመል መንገድ ዘጋብን»፣ «ምሳ በላሽ?»። እነሱን አጠፋሁ። እየሳቅሁ ነበር የማጠፋው።

ከዚያ የአምናው ግንቦት ላይ ደረስኩ። አንድ አለ፤ ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ ደግሜ ያልከፈትኩት። ዛሬ ከፈትኩት። ከኋላ የመኪናው ሞተር ይሰማል።

«አብሽሪ ነዋልዬ። ለአዬ ደውዬ ሰምቻለሁ። ቤት ስገባ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትንገሪኝ። ዝም ብለን እንቀመጣለን። ካሻሽ ታለቅሻለሽ፣ ካሻሽ ሻይ እናፈላለን። ሁለተኛውም የአላህ ነው፣ የመጀመሪያውም የአላህ ነው። እኔ አንቺን ይዤ ነው የምመለሰው።»

እንዲያ ነው ያለው፣ «አንቺን ይዤ ነው የምመለሰው»። ንግግሩ ተምታቶበት ነው፤ አንቺ ጋ ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አለቀስኩ፣ ቀለለኝ።

አሥራ አንድ ቮይስ ብቻ አስቀረሁ። ይኼ አንዱ ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ዛሬ የሠራሁትን ስህተት ማንም ሰው አይሠራውም።

ከጤና ኬላ ስመለስ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት መንገድ ላይ አገኘሁ። ፌስታል በእጃቸው፣ አቧራ እስከ ጉልበታቸው። ከባቲ መምጣታቸውን በአነጋገራቸው ለየሁ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም በኦሮምኛ መለስኩላቸው፣ ደስ አላቸው። «የሙናን ቤት ታሳይኛለሽ? ልጄ ናት፣ ልትወልድ ደርሳለች።»

«ሙና?» አልኩ። «እማ፣ በዚህ ቀበሌ ሙና የምትባል ነፍሰ ጡር የለችም። እያንዳንዷን በስም አውቃለሁ። ሌላ መንደር ይሆናል።»

ስልኬንም ከፍቼ አሳየኋቸው። ሙና የሚል የለም። እርግጠኛ ነበርኩ፤ በዚያ ፀሐይ፣ በጾም፣ ወደ ታችኛው መንደር ሰደድኳቸው። አላህ ይማረኝ።

ማታ ከአፍጥር በኋላ በእማ ዘይና ቤት በኩል ሳልፍ እኒያ ሴት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቱሪ ጭናቸው ላይ ጋደም ብላለች። ፀጉሯን እየዳበሱ «ሙናዬ፣ ሙናዬ» ይሏታል።

ቱሪ በኦሮምኛ «ቆዪ» ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ይህ የልጅነት ስሟ ነው ወይስ አማት ያወጡላት ብዬ አልጠየቅኩም። ስም የቀየሩላት ለምንድነው? ባቲ ምን ነበረ?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ጠዋት ከመስጊዱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ድሮ አላርፍም ነበር።

ባቲን መረጥኩ። በጥር ያነሳሁትን ምልክት በገዛ እጄ መለስኩት። ስሞቹ ብቻ መጡ፣ ሌላው ሁሉ ከሚሴ ነው። ወደ ታች እያወረድኩ ስሄድ 2015 ላይ «ሙና እንድሪስ» አገኘሁ። ከሷ በታች ሦስተኛው መስመር ላይ ሌላ የማውቀው ስም አለ። አየሁት። አለፍኩት።

ሙናን «ጥራ» አልኩ። አንድ ካርድ፣ ከኢሳ አንድ ቮይስ ያነሰ።

መጣ። «የመጀመሪያ እርግዝና፣ በአምስተኛው ወር ተቋርጧል። የደም ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ። መርፌው ተሰጥቷታል። በሚቀጥለው እርግዝና በሰባተኛው ወር፣ እንዲሁም በወለደች በሦስት ቀን ውስጥ ይደገምላት።»

ሰባተኛው ወር ጥር ነበር። ፊቴ ተቀምጣ ነበር። የደሟን ቦታ ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ። በጥር የባቲን ምልክት ባላነሳ ኖሮ የአባቷን ስምና ዕድሜዋን ስጽፍ አፑ «ይህች ሴት አለች» ይለኝ ነበር፤ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለሥራዬ አያስፈልገኝም ብዬ አልነበረም ያነሳሁት። አውቀዋለሁ።

ለአዋላጇ ለሲስተር ፋጥማ ከዚያው ከኮረብታው ደወልኩ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የሷ ደምና የልጁ ደም ካልተስማማ፣ ሰውነቷ ለዚህኛው ሳይሆን ለሚቀጥሉት ልጆች ጠላት ይሆናል። መርፌው ያንን ይከለክላል» አለችኝ። «ዋናው የወለደች ጊዜ ነው፣ ገና አልረፈደም። ግን ከሚሴ ትውለድ። መርፌው ደግሞ እዚህ የለም፣ ደሴ ነው። ከወለደች በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን፣ ነዋል።»

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

እማ ዘይና በር ላይ ቆምኩ። «አልገባም፣ ሆዷንም አልነካም። ቆሜ ልናገርና ልሂድ» አልኳቸው።

ነገርኳቸው። የባቲዋ እናትም ሰሙ፤ «መርፌውማ ተሰጥቷታል፣ እኔ ነኝ የያዝኳት» አሉ። እማ ዘይና ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ስሟን ቀይሬ ነበር» አሉ። «ያ ስሙ የማይጠራው ሙና ብሎ ሲመጣ እንዳያገኛት። ቆዪ አልኳት። የፊተኛውንም አታውሪ፣ ማንም ቢጠይቅሽ የመጀመሪያዬ ነው በዪ አልኳት።»

«እኔም አላገኘኋትም እኮ፣ እማ» አልኳቸው።

ሳቁ መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ። ቱሪ፣ ሙና፣ ምን ልበላት፣ ከጓዳ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። «እማ ክፉ አላሰቡም» አለችኝ። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ መሰለኝ።

ስወጣ እማ ዘይና እስከ አጥሩ ሸኙኝ። «ስላንቺ የተናገርኩት አለ» አሉ።

«ሰምቻለሁ።»

«አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ። ቤት እስክደርስ ግን ያን ንግግራቸውን በልቤ እደግመው ነበር።

ካርዷ ላይ «ሙና እንድሪስ፣ ቱሪ» ብዬ ሁለቱንም ጻፍኩ። ይቆይ? አዎ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ወለደች። ከሚሴ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሴት ልጅ። ጤነኛ። የሕፃኗ ደም ፖዘቲቭ ነው፣ መርፌው የግድ ነው። አልሐምዱሊላህ። ሰዓቱ ተጀመረ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ደሴም አልቆ የሰነበተው መርፌ ተገኝቷል። ሙሐመድዘይን የደሴ ዘመዶቹን አስቸግሮ በበረዶ ሳጥን አድርጎ ኮምቦልቻ አስደርሶታል። ከኮምቦልቻ ወደዚህ ግን መንገዱ ዛሬ ተዘግቷል። ለምን እንደሆነ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ።

ኢሳ ኮምቦልቻ ቆሟል። ሳጥኑን ሰጡት። ደወለልኝ፦ «ጋቢና ውስጥ ቀበቶ አስሬለታለሁ። በረዶም እየቀየርኩ ነው።»

«እንዳይሞቅ፣ ኢሳ።»

«አትፍሪ። መኪናው እንጂ እኔ አልተኛም።»

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ቀትር። መንገድ አልተከፈተም።

ዘጠኝ ሰዓት። ተከፈተ አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የኢሳ መኪና ከሚሴ ገባ። ሊያፈጥር በሚቸኩል ሰው መሀል ከነተሳቢው ሆስፒታል በር ላይ ቆመ። በግራ እጁ ሳጥኑን፣ በቀኙ ለኔ አንድ ፌስታል ሎሚ ይዞ ወረደ። ሎሚ እንዳማረኝ አልነገርኩትም። አዬ ናቸው የነገሩት።

ሙና ተወጋች። አሥራ አምስት ሰዓት ሲቀረን።

ሕፃኗን ሰጡኝ፣ ታቀፍኳት። ብዙ ሰው አለና ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ኢሳ ቤት ነው። እማ ዘይና ራሳቸው መጡ፣ ድፎ ይዘው። ሕፃኗ «ነዋል» ተብላለች። ተዉ ብል አልሰሙኝም።

ኢሳ አጠገቤ ተቀምጦ ሎሚውን ስልጥ አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ልናገር አፌን ከፍቼ ሻይ ላፍላ አልኩ። ሳቀ። «እናፍላ» አለኝ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ኢሳ ሰኞ ሄደ። ዛሬ ለሥራ ብዬ ከሚሴ ወጣሁ። ሥራ አልነበረኝም። ሲስተር ፋጥማ ጋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ስንት ሆነው?» አለችኝ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። ለካ እሷም ታውቃለች። ለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«አራተኛውን ይዟል» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አወጣሁት። ሦስቱ ወር አልፏል። ሁለቱም ጊዜ ያላለፍኩት ሦስት ወር።

ደም ወሰደች። ሁለቱንም ጊዜ የታከምኩት ባቲ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው፤ የባቲው ካርድሽ ላይ ምን ይላል ስትለኝ አላውቅም አልኳት። እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። የሰው ሴት ሁሉ የደም ዓይነት ስጠይቅ ስኖር፣ የራሴን አንድ ቀን ሳልጠይቅ፣ ከአጥር ኋላ የሰማሁትን እያመንኩ ኖሬያለሁ። የባቲን ምልክት በጥር ያነሳሁት ለዚህ ነው። በስሜ ላይ «ይውረድ?» ብሎ እንዳይጠይቀኝ ነበር። ለሱ ብዬ ሙናን ላጣት ነበር።

ውጤቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ኦ ፖዘቲቭ። ሾተላይ የለብኝም። ለምን እንዳጣኋቸው አይታወቅም፤ ግን በዚህ አይደለም። ሲስተር ፋጥማ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ እስክጨርስ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ለኢሳ አንድ ቮይስ ላክሁለት። አጭር ነው። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ደጅ ላይ፣ አዬ አጠገብ ተቀምጬ ስልኩን ከፈትኩ። ባቲ። 2015። ነዋል አብዱልፈታህ። «ጥራ» አልኩ፤ መጣ። ሁለቱም እዚያ አሉ፣ በቀናቸው፣ በሁለት መስመር። ብዙ ቦታ አይይዙም። አነበብኳቸው። ከሥራቸው ሦስተኛ መስመር ከፈትኩ፣ የደሙን ባዶ ቦታም ሞላሁ።

ታችኛው ጥግ ላይ ጥያቄው መጣ፦ ስልኩ ላይ ይቆይ?

አዬ ማንበብ አይችሉም፤ ጣቴ መቆሙን ግን አዩ። «ምን ይልሻል?» አሉኝ።

እንደ አመሌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይቆይ? ይላል፣ አዬ።»

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደኔ ጠጋ አሉ። መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አኖሩ፤ ከጥር ጀምሮ ሊያደርጉት ሲፈልጉ የኖሩት መሰለኝ።

«ሃ ቱሩ» አሉ። ይቆይ።

«አሚን» ብዬ ተጫንኩት።